የወገኔ አከርካሪ

ዶክተር የምስራች የወገኔን የአከርካሪ ምስል ደጋግማ ከማገላበጧ የተነሳ ዓይኗን ጨፍናም ይታያት ነበር።

ወገኔ የዳንግላ ጋሪ ነጂ ነው። ጋሪው ተገልብጦበት ከወገቡ አጥንቶች አንዱ ተሰብሯል። እግሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ነገር ግን የተሰበረው አጥንት ጥቂት ቢንሸራተት ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖ ዕድሜ ልኩን ሊያስተኛው ይችላል። መፍትሔው አጥንቶቹን በብሎን አያይዞ ማጽናት ነው። ለዚህም ናቪጌሽን የሚሉት መሣሪያ ከአዲስ አበባ በውሰት እንጅባራ መጥቷል። ባሕር ዳር የተነሳው ሲቲ ስካን ይጫንበታል፤ ከዚያ ካሜራው የሐኪሟን መሣሪያ እየተከተለ ጫፉ አጥንቱ ውስጥ የት እንደደረሰ በስክሪኑ ያሳያል። የምስራች የእያንዳንዱን ብሎን መንገድ፣ ርዝመትና ውፍረት ምስሉ ላይ አስቀድማ አስምራለች። የእንጅባራ፣ በድሮ ስሟ የቆሰበር፣ ልጅ ናት። በተወለደችበት ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ከዞን የመጡ እንግዶች ከነፎቶ አንሺያቸው ደጅ ላይ ይጠብቃሉ።

«አይዞህ፣» አለው መሣሪያውን ይዞ የመጣው ባለሙያ ፋንታሁን፣ ወገኔ በአልጋ እየተገፋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገባ። «ይሄ እንደ ዳንግላ ጋሪ አይደለም፤ መንገድ አይስትም።»

«ጋሪዬን ተወው!» አለ ወገኔ። «ፈረሴ ሰክሬ ተኝቼ እንኳ ደጄ ያደርሰኛል። ያንተው ይችላል?»

ነርሶቹ ሳቁ። የምስራችም እየሳቀች ጀርባውን ልታይ በጥንቃቄ በጎኑ አስደገፈችው። ሳቋ እዚያው ቆመ። ቆዳው ያብለጨልጫል፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በስብራቱ ግራና ቀኝ የአውራ ጣት ምልክት ቀልቷል።

«ማን ነካህ?»

ወገኔ በዓይኑ ወደ በሩ ጠቆመ። እሷ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እናቱ እማማ ካሳነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ባላቸውን ቀብረው በዚህ አንድ ልጅ የቀሩ ሴት ናቸው። የምስራች በአገውኛ ጠየቀቻቸው።

«ትናንት አጎቱ ነው ብለው ያስገቡት ሰው ማን ነው?»

«ወጌሻ ነው፣ ልጄ። አትቆጪኝ። አጥንቱን ትንሽ መለስ ቢያደርገው ሥራው ይቀልልሻል ብዬ ነው።»

«ለእኔ?»

«እህ! ብቻሽን ይከብድሻል ብዬ ነዋ!»

ልትቆጣም ልትስቅም ቃጣት። ሁለቱንም ትታ ትከሻቸውን ዳበስ አደረገችና ተመለሰች።

«ምስሉ የተነሳው ሳይታሽ ነው፣» አለችው ፋንታሁንን። «አጥንቱ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ከሆነ፣ ያሰመርኩት መንገድ የዛሬውን ወገኔን አያውቀውም። ባሕር ዳር ሄዶ አዲስ ይነሳ።»

«ዶክተር፣ መሣሪያው እኮ ነገ ጠዋት ይመለሳል! ጀርባውን ከፍተን አጥንቱን በመሣሪያው ጫፍ እየነካን ከምስሉ ጋር እናገጥመዋለን። ደግሞ እነዚያን ሁሉ እንግዶች ምን ልንላቸው ነው?»

የምስራች ወደ ደጁ ተመለከተች። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቃዋለች።

«አጥንቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ያላቸው አቀማመጥ ከተለወጠ አንዱን ስናገጥም ሌላው ይሸሸናል። እንግዶቹን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

ወጥታ ነገረቻቸው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ አንዱ እንግዳ ጮክ ብሎ «ፈርታ ነው» አለ። ሰምታዋለች። ቀና ብላ አምቡላንሱን ልትሸኝ ሄደች።

ወገኔ ከአዲሱ ምስሉ ጋር በዚያው ቀን ተመለሰ። የምስራችና ፋንታሁን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አደረጓቸው። የተሰበረው አጥንት ዞሯል። በቀኝ በኩል ያሰመረችው የብሎን መንገድ አሁን በቀጥታ ወደ ህብለ ሰረሰሩ ያመራል። ፋንታሁን ስክሪኑን ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ደወለ።

«መሣሪያው ነገ አይነሳም፣» አለ። «አይ፣ አልተበላሸም። ሥራ አለው።»

የምስራች የድሮውን መስመር አጠፋችና እንደገና አሰመረች። በማግሥቱ እያንዳንዱን ብሎን ከማስገባቷ በፊት፣ በዓይኗ የምታየውን አጥንት በመሣሪያው ጫፍ እየነካች ስክሪኑም ያንኑ ማሳየቱን ታረጋግጥ ነበር። ሳይገጥም አልፋ አልሄደችም። የመጨረሻው ብሎን ጠብቆ ሲያልቅ ፋንታሁን ጓንቱን አውልቆ እጅ ነሳት።

ወገኔ ሲነቃ እናቱ ከራስጌው ነበሩ።

«የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ፣» አለችው የምስራች።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

አንሶላው ከግርጌ በኩል ተነሳ፤ ወደቀ፤ ደግሞም ተነሳ። እማማ ካሳነሽ እልልታውን ለቀቁት። ነርሷ ልታስቆማቸው ወደ አልጋው ስትሮጥ፣ የምስራች ክንዷን ያዘቻት።

«ተያቸው፣» አለቻት።