መኝታ ክፍል የያዘው ቁጥር

ጡረተኛው የሂሳብ መምህር ቁጥሩን የወለደው ገና ሥራ ላይ ሳለ፣ አንድ ረጅም ስብሰባ ላይ ነው። ሰብሳቢው ሲናገር እሱ አሃዝ ከአሃዝ እየቀጠለ ሲሞነጫጭር ቆየና ንግግሩ ሲያበቃ ቁጥሩ መቶ ሠላሳ አሃዝ ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ቀዶ ይጥለው ነበር። እሱ ግን ቤቱ ወስዶ ኮምፒውተር ላይ ፈተነው።

ፈተናው ወዲያው መልስ ሰጠ፦ ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር አለ። የትኛው እንደሆነ ግን ፈተናው አይናገርም። «ቤትህ ውስጥ ሌባ አለ» ብሎ ስሙን ሳይነግር እንደሚሄድ ጎረቤት ማለት ነው። እንዲህ ተብሎ ማን ይተኛል? መምህሩ ትርፍ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩን ተክሎ አካፋዩን እንዲፈልግለት አደረገ። ትንንሾቹን ቁጥሮች ራሱ በእጁ ሞከራቸው፤ የሕፃን ሥራ ለማሽን መስጠት ክብሩን ነካው። ማሽኑን ከሺህ በላይ ካሉት አስጀመረው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለው ለተማሪዎቹ ብቻ ይመስለው ነበር።

እናቱ ጉልበታቸው ታሞ አብረውት ሊኖሩ ሲመጡ «እማዬ፣ ቁጥሩ ሲያልቅልኝ ክፍሉ ያንቺ ነው» አላቸው። እሺ ብለው ሳሎን ሶፋው ላይ ተኙ። ይኸው ሁለት ዓመት። ሚስቱ «እናትህ ታጥፈው ያድራሉ፣ ቁጥርህ ተንጋልሎ ያድራል» ስትለው «ማሽኑ ከተነቃነቀ ሥራው ሁሉ ይበላሻል» ይላል። ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ግን በኩራት ነበር የሚዋሸው።

አንድ ጠዋት እናቱን ቦርሳቸውን አዘጋጅተው አገኛቸው።

«ታላቅ ወንድምህ ጋ ልሂድ፤ እሱ አልጋ አለው» አሉ።

ምን ብሎ ያስቀራቸው? የሚያውቀው ወሬ አንድ ብቻ ስለሆነ ስለ ቁጥሩ ማውራት ጀመረ።

«ቆይ እስኪ» አሉት፣ የሚወስዳቸው መኪና እስኪመጣ ጊዜ ለመግፋት ይመስላል፣ «ይሄኛው አካፋይ አይደለም የምትለው በምን አውቀህ ነው?»

ወረቀት አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። «ለምሳሌ ሰባትን እንውሰድ። በሰባት ስናካፍለው ቀሪ ይተርፋል፤ ስለዚህ ሰባት አይደለም ማለት ነው።»

እያካፈለ፣ እያወረደ ወረቀቱን ሞላው። መጨረሻ ላይ የተረፈ ነገር አልነበረም። ደግሞ ከላይ ጀመረ። አሁንም ዜሮ። ለካ ያን ጊዜ በእጁ ሲሞክር አንድ አሃዝ ዘሎ ኖሯል። ስንቱን ልጅ «መልስህን ሳታረጋግጥ ለምን አስረከብክ?» እያለ ነጥብ የቀነሰ ሰው! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱ ነበር። ማሽኑ መቼም ወደ ኋላ ተመልሶ ሰባትን አያይም፤ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ዝም ለማለትም አስቦ ነበር፣ አይካድም።

«እማዬ፣ ሰባት ነው» አለ።

«የትኛው ሰባት?»

«ከስድስት ቀጥሎ ያለው።»

እናቱ ወረቀቱን ትተው እሱን አዩት። «እውነትም ቁጥር ነበር እንዴ?» አሉ። «እኔ እኮ ቁጥር ማለቂያ የለውም ሲባል እሰማለሁ። ቁጥሩ ሲያልቅልኝ ስትለኝ፣ ክፍሉን አልሰጥሽም ማለት ከብዶህ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

መምህሩ እንባው መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እማዬ፣ እኔ ተንኮሉን ከየት አመጣዋለሁ? በሰባት ማካፈል ያቃተኝ ሰው ነኝ።»

እናቱ አልሳቁም። ሶፋውን ተደግፈው ተነሡና «ቦርሳዬን ያዝልኝ» አሉት። ያዘ። ወዴት ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት አጥቶ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለ። ኮሪደሩ ላይ በስተግራ የውጭው በር፣ በስተቀኝ ክፍሉ ነው። ትንሽ ቆሙ፤ ጉልበታቸውን አሹ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረው በሩን ሲከፍቱ የማሽኑ ሙቀት ፊታቸውን መታው።

«የዚህ ነገር» አሉ፣ «ማጥፊያው የቱ ጋ ነው?»