ከአራስ ቤት የወጣው ድምፅ

ወንድሜ ሰር ዋሪን ፊቱ ድንጋይ ነው። አባታችንን ቀብሮ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ፈረሶቹ ውኃ ጠጥተው እንደሆነ ነበር። በዌልስ ዘመቻ ግራ ጆሮውን በሰይፍ ሲቆርጡት፣ አብረውት የዘመቱት የመንደራችን ሰዎች እንደሚሉት፣ ጎንበስ ብሎ ሣሩ ውስጥ ፈለገውና ሲያጣው ተወው። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ በእሱ ቤት ነው የምኖረው።

“የእሱ ቤት” የምለውም በልማድ ነው። ቤቱም፣ ወፍጮውም፣ የበጉ መስክም የሚስቱ የኤሚስ የአባት ርስት ነው። ዋሪን ሲያገባት ይዞ የገባው ፈረሱን፣ የጦር ልብሱንና ቆይቶም እኔን ነው። ሕጋችን ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ባለርስት ሚስት ከሞተች፣ ባል ርስቷን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚይዘው ከእሷ በሕይወት የተወለደ ልጅ ካገኘ ብቻ ነው። ልጁ ወዲያው ቢሞትም ግድ የለም። በሕይወት መወለዱ የሚታወቀው ግን በአራቱ ግድግዳ ውስጥ ሲያለቅስ ወንዶች ከውጭ ሲሰሙት ነው። ወንድ አራስ ቤት አይገባም፤ የሴት ምስክርነት ደግሞ ለዚህ ነገር አይቆጠርም። ስለዚህ ያየነው እኛ ዝም እንላለን፣ ያላዩት እነሱ ይምላሉ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ሚስት የነበረችው አይመስለኝም።

ኤሚስን ምጥ የያዛት በአጨዳው ወር ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ሽማግሌው ጭቃ ሹም ዋይመንድና ሌሎቹ ጭሰኞች ማጭዳቸውን ጥለው መጥተው፣ እንደ ወጉ ከበሩ ውጭ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። የኤሚስ ያጎት ልጅ ተርስታንም ሳይጠራ መጣ። ልጅ ከሌለ ሁሉንም ነገር የሚወርሰው እሱ ነው። ዐይኑን በጨው አጥቦ ጠላችንን እየጠጣ የአዳራሹን ምሰሶ መታ መታ ያደርጋል።

“ዋይመንድ፣ እኔ ጌታ ስሆን እርሻችሁን የበግ ግጦሽ ነው የማደርገው” አለው። “በግ አይነጫነጭም።”

“እርስዎ ጌታ ሲሆኑ እኔን አፈር በልቶኛል” አለ ዋይመንድ።

ልጅቷ ተወለደች። ዐይኗን ገለጠች፣ እግሯን አወራጨች፣ ግን ድምፅ አላወጣችም። አዋላጇ ጎድሊፍ ትንፋሿን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደማትቆይ ገባኝ። እዚያው በሳህን ውኃ አጠመቀቻትና ሳቢና አለቻት። የኤሚስ ደም ግን አልቆም አለ። ልጇን እንዳቀፈች አረፈች።

ዝምታው ሳይነግረው አልቀረም፤ ዋሪን በሩን ገፍቶ ገባ። ወጉን የጣሰ የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነው። በሩን መልሼ ዘጋሁት።

“ዋሪን፣ ስማኝ” አልኩት። “ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ደግሞም አትቆይም። ተረከዟን ልቆንጥጣት። አንዴ ብቻ! ሰዎቹ እደጅ ናቸው።”

ልጅቷን ከእናቷ ዕቅፍ ወሰዳት። አውራ ጣቱን ጨብጣ ትኩር ብላ አየችው።

“አትንኪያት።”

“ዛሬ እሷ ካላለቀሰች ነገ መንገድ ላይ የምናለቅሰው እኛ ነን!”

“እታለም፣ የመጣችው ለጥቂት ጊዜ ነው። እሱንም በቁንጥጫ?”

ጣቶቼ ተረከዟ ላይ ነበሩ። በንዴት እየተቃጠልኩ አነሳኋቸው። እሱ ከሚስቱ አልጋ ጫፍ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ የሳቢና እጅ ጣቱን ለቀቀ። ያኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ ቅርጫት የተደፋበት የድመት ግልገል የመሰለ። መጀመሪያ ያየሁት ልጅቷን ነው። ከዚያ ወንድሜን።

“አለቀሰ!” አለ ዋይመንድ ከደጅ። “ሰማችሁ? ልጁ አለቀሰ!”

የንጉሡ ዳኛ የርስቱን ክርክር ሊሰማ የመጣው ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። ሸንጎው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀመጠ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆምኩ። ጭሰኞቹ ተራ በተራ ወንጌል እየጨበጡ ማሉ።

“በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቻለሁ” አለ ዋይመንድ። “የአራስ ልጅ ድምፅ ነው።”

“ድመት ነው!” አለ ተርስታን።

ዳኛው ለወጉ ያህል ዋሪንን ጠየቀው። እባክህ አፍህን ዝጋ፣ አልኩ በልቤ። ዋሪን ተነሣ።

“ልጄ ኖራለች” አለ። “ጣቴን ይዛ አይታኛለች። አላለቀሰችም ግን። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።”

ከሸንጎው አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላውም ተከተለ። ዋይመንድ ብቻ ተቆጣ።

“ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎ? ያለቀሱ? ጆሮዎ ሲቆረጥ አጠገብዎ ነበርኩ እኮ! እኔ ነኝ የጮኽኩት!”

ዳኛው የወንድሜን ፊት ደጋግሞ አየ። ያው ድንጋይ ነው።

“ሐዘን ነው የሚያናግረው” አለ። “ልጅቷ አልቅሳለች። ርስቱ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የሰር ዋሪን ነው።”

“ራሱ አመነ እኮ!” ብሎ ጮኸ ተርስታን።

“ሕጉ የሚጠይቀው የሰሙትን ነው። የሰሙት ደግሞ ምለዋል።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ዘንድ እውነቱ ቆሞ ቢናገርም የሚያምነው አጣ። ደስ አላለኝም አልልም፤ ቤቴ ተርፎልኛል። ወንድሜ ግን ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

“እውነቱን ተናግሬያለሁ” አለኝ ስንመለስ።

“ተናግረሃል። የዋሸው ፊትህ ነው።”

መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ከፈረሱ ወረደና አጥሩን ተደግፎ ቆመ። እናትና ልጅ ባንድ ጉድጓድ ነው የተኙት። ያ ቀጭን ድምፅ እንደገና ወጣ። ዞር ስል ዋይመንድ ከኋላችን በቅሎው ላይ ነበር፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

“እሜቴ… ያ ድምፅ ነው” አለኝ በሹክሹክታ።

“አዎ።”

“እኔ ወንጌል ጨብጬ ነው የማልኩት።”

መሐላውን ሊያፈርስ ቢፈልግ፣ ዳኛው ገና ከቄሱ ቤት ምሳ ላይ ነው። ዋይመንድ ጌታውን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ከዚያ በቅሎውን በመጣበት መንገድ መለሰ። የበቅሎውን ልጓም ያዝኩ።

“ወዴት ነው?”

“እዚያ መታጠፊያው ላይ ልቁም” አለ። “ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይሰማቸው።”