የታንከሩ አፍና የዓሣው ሆድ

ሰው ከሆዱና ከኩራቱ የትኛውን ቀድሞ ይቀንሳል? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል። በብየዳ ቤቱ ግን ሠራተኞቹ አንድ ሰሞን በየምሳው ሰዓት ተከራክረውበት፣ መልስ ሳያገኝ ተዳፍኖ ቀርቷል። ባለጉዳዩ ያኔ ከማንም ጋር አይነጋገርም ነበርና የጠየቀውም የለም።

ባለጉዳዩ ዓሣው ይባላል። ብየዳ ቤቱ የውሃና የነዳጅ ታንከር ይሠራል። ታንከር ደግሞ ከውጭ ብቻ አይበየድም፤ አንድ ሰው በታንከሩ አናት ላይ ባለችው ክብ አፍ ገብቶ ስፌቱን ከውስጥ መዝጋት አለበት። ውስጡ ይጨልማል፣ ይሞቃል፤ የራስ ትንፋሽ ተመልሶ ጆሮ ላይ ይጮኻል። ዓሣው ገና ወጣት ሳለ በዚያች አፍ ሙልጭ ብሎ ሲገባ ያየ ቀለም ቀቢ ነው ስሙን ያወጣለት። እሱ የዘጋው ስፌት ጠብታ አያሳልፍም፤ ይህንንም ከማንም በፊት ራሱ ይናገረዋል።

ቤቱ የራሱ ሕግ አለው። ከጣሪያው በሰንሰለት የተንጠለጠለ የብረት ቀለበት አለ፤ ስፋቱ ልክ እንደ ታንከሩ አፍ ነው። አዲስ ታንከር በተጀመረ ቁጥር፣ የሚገባው ሰው በሠራተኛው ሁሉ ፊት በቀለበቱ ያልፋል። ካላለፈ አይገባም። ውስጥ ራሱን ቢስት፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዞ ውጭ የሚጠብቀው ባለገመድ ጎትቶ ሊያወጣው አይችልማ! የዓሣው ባለገመድ ለብዙ ዘመን አንድ ሰው ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ዓሣው «ጋሼ» የሚለው። ዓሣው ነፍሱን ለሱ ሰጥቶ ነበር የሚገባው።

ሆድ እንግዳ አይደለም፣ በር አያንኳኳም። ዓሣው አርባዎቹን ሲያጋምስ ሆዱ ቀድሞት ይገባ ጀመር። ቀለም ቀቢዎቹም ስሙን አሳደጉለት፤ «ዓሣ ነባሪው መጣ!» አሉት። አብሯቸው ይስቃል፤ ሳቁ ሲያበቃ ግን ዓይኑ ቀለበቱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ግራይንደሩን አነሳና የቀለበቱን ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያውን ሞረደው። ሌላ ሰው ሲወፍር ሱሪ ያሰፋል፤ በያጅ ግን በያጅ ነው፣ ብረት አሰፋ።

በማግስቱ ቀለበቱን አለፈ፤ ተጨበጨበለት። የታንከሩን አፍ ግን ግራይንደር አልነካውም። ትንፋሹን አስወጥቶ፣ ተንፏቅቆ ገባ። ሠርቶ ሲጨርስ ክንዶቹ ወጡ፣ ደረቱ ወጣ፣ ሆዱ ቀረ።

«ጋሼ፣ ያዘኝ።»

«ምንህን?»

«ምንህን ይለኛል እንዴ! አታይም?»

«ሳሙና አምጡ!» ብሎ ጮኸ ባለገመዱ።

ብየዳ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ጠርሙስና ቡሽ!» ይላል፤ ሌላው «ተዉት፣ ክዳን ይሁነው!» ይላል። ባለገመዱ ብቻ አልሳቀም። የሳሙና ውሃ እያፈሰሰ፣ ቱታውን በመቀስ እየቀደደ አወጣው። ከዚያ ቀና ብሎ ቀለበቱን አየ። አዲስ የተሞረደ ብረት ያብለጨልጫል። አየት አድርጎ ወደ አለቃው ዞረ።

«እኔ ገመድ እስከያዝኩ ድረስ ይሄ ሰው ታንከር አይገባም።»

ዓሣው ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ አጠገብ ቧንቧ ቆራጭ ሆነ። «ጋሼ» የምትለውም ቃል ከአፉ ጠፋች።

ሰነባብቶ ሹልክ ብሎ ቀለበቱን ሊያይ ሄደ። የሞረደው ጠርዝ ተሞልቷል። ሰው የወንድሙን የእጅ ጽሑፍ እንደሚለይ እሱም ብየዳውን ለየው፤ የባለገመዱ እጅ ነበር። ለአለቃው ሳይናገር፣ ለማንም ሳያወራ፣ ዙሪያውን በይዶ አለስልሶ ወደ ልኩ መልሶታል። ዓሣው ሊያመሰግነው ይገባ ነበር። እሱ ግን ይባስ ተናደደ፤ ነውርህን ያወቀ ሰው ዝም ሲልልህ ዝምታው ከስድብ ይከብዳል። ባለገመዱ ጡረታ ወጥቶ ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ሠራተኛው ሲሰናበተው፣ ዓሣው ቧንቧ እየቆረጠ ነበር። የመቁረጫው ጩኸት ስንብቱን እንዲሸፍንለት ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል።

ወደ ታንከሩ ለመመለስ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሆዱን ማጥፋት። መጀመሪያ እንደ ብልሃቱ ሞከረ። ወገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ላቡን ያንጠፈጥፋል። ወለል ላይ ተንጋሎ፣ ሲነሳ ሲተኛ ሆዱን ያሠቃያል። ቀኑን ሳይበላ ይውልና ማታ ያገኘውን ሁሉ ያወርዳል። ሆዱ ፍንክች አላለም።

ሚስቱ አንጀቷ አልችል ሲል «ሆዴ፣ ትንሽ ዳቦ ልጨምርልህ?» ትለዋለች።

«ሆዴ አትበይኝ!»

«ታዲያ ምን ልበልህ? ወገቤ?»

ታናሽ እህቱን የጠራችው እሷ ናት። እህቱ ሐኪም ቤት ውስጥ ከስብራትና ከቀዶ ሕክምና የተነሱ ሰዎችን እንደገና እንዲራመዱ የምታሠራ ባለሙያ ናት። ወንድሟን በላስቲክ ተጠቅልሎ አገኘችው።

«ምነው ታሸግክ? ወደ ውጭ ልትላክ ነው?»

«አትቀልጂ። ይህቺን ሆድ ብቻ ነው ማጥፋት የምፈልገው። ሌላው ገላዬ ምንም አላደረገኝም።»

«ሰውነት ከየት ልቀንስ ብሎ አያማክርህም፣ ወንድምዓለም። ሆድ ቀድሞ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይሄዳል፤ እንደ አንዳንድ ዘመድ።»

«እንዳንቺ?»

«እንደኔ። በል ጫማህን አጥልቅ፣ እንወጣለን።»

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት በፍጥነት አስወጣችው። «ማውራት ቻል፣ መዘመር ግን ያቅትህ፤ ልኩ እሱ ነው» አለችው። ዳገቱ የየማለዳ ሥራው ሆነ። ከሻዩ ስኳር፣ ከምሳው ለስላሳ መጠጥ ጠፋ። የሳህኑን እኩሌታ ቅጠላ ቅጠል ያዘው፤ ከጎኑ ምስር ወይም እንቁላል፣ ዳቦው እንደ እንግዳ ጥግ ላይ። መራብ ግን አልተፈቀደለትም፤ የተራበ ሰው ማታ ሌባ ይሆናል ብላዋለች። ክብደት ማንሳት ደግሞ እሱ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። ቁርጥራጭ ቧንቧ አሸዋ ሞልቶ ጫፍና ጫፉን በየደው። እህቱ ብየዳውን እያገላበጠች «ይሄ አሸዋ አያፈስም?» ብትለው ተቆጣ። «እኔ የበየድኩት? ውሃ ሙዪበት!»

የከሳው መጀመሪያ ፊቱ ነው። ጎረቤት ተንሾካሾከ። «ምን ነካው? ስኳር ይሆን?» ሚስቱ በር ላይ ቆማ «ጤና ነው የነካው! ለእናንተም ይንካችሁ!» አለቻቸው። ቀጥሎ አንገቱ፣ ክንዱ፣ ጀርባው ቅርጽ ያዘ። ሆዱ ግን ግትር ነው። ቀበቶው ከአንድ ቀዳዳ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚለምን እስኪመስል ድረስ ዘገየ።

«ተይው፣ ይሄስ ርስቱን አይለቅም» አለ አንድ ቀን ቧንቧውን ጥሎ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል…»

«እንቁላሉንማ በላሁት!»

እህቱ እስክትታነቅ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ቧንቧውን መልሶ አነሳ። ታንከር ውስጥ ስፌት በጥድፊያ አይዘጋም፤ ከቸኮልክ ብረቱ ይጣመማል፣ ታቀዘቅዛለህ፣ ትቀጥላለህ። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሆዱን እንደ ረጅም ስፌት ቆጠረው።

አዲስ ታንከር የተጀመረ ዕለት መቁረጫውን አጥፍቶ ወደ አለቃው ሄደ።

«ቀለበቱን ልሞክር።»

አለቃው ከላይ እስከ ታች አየው። «እርግጠኛ ነህ? ሳሙና አላዘጋጀንም።»

«ሳሙናውን ለእጅህ ተጠቀምበት።»

ሠራተኛው ከየሥራው ተሰበሰበ። አዲሷ ባለገመድ ትከሻዋ የሰፋ፣ ዓይኗ የማይስት ወጣት ሴት ናት። ቀለበቱን ራሷ በሜትር ለክታ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረችለት። «ጋሽ ዓሣው፣ ትንፋሽህን አትዋጥ። እየተነፈስክ ካላለፍክ አላስገባህም» አለችው። ደስ አለው፤ ባለገመድ እንዲህ ነው።

ክንዶቹን ዘርግቶ ገባ። ደረቱ አለፈ። ሆዱ ጋ ሲደርስ ብረቱ በሸሚዙ ላይ ነካው፤ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ። ዓሣው ተነፈሰ፤ ሁሉም እየሰሙት፣ ሳይቸኩል፣ ደጋግሞ ተነፈሰ። ከዚያ ወገቡን ዘወር አደረገና በወዲያኛው በኩል ቆመ።

«ዓሣው!» ብሎ ጮኸ አንድ ቀለም ቀቢ። ነባሪ የሚል አልጨመረም።

ያን ቀን ታንከር ገባ። ጨለማውና ሙቀቱ የጥንቱ ነው፤ የእሳቱ ብርሃን በብረቱ ሆድ ዕቃ ላይ ይፈነጥቃል። ስፌቱን ዘግቶ በራሱ ክንድ ወጣ። ውሃ ሞልተው ፈተሹት፤ ጠብታ አላሳለፈም። «ነግሬያችሁ የለ?» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወደ ቤት ሲሄድ መስኮት ባየ ቁጥር ዘወር ብሎ ጎኑን ያያል። ትንሽ ሆድ ቀርታለች፤ ትቅር፣ እሷም ለፍታለች። ደረቱን ነፍቶ ዳገቱን ወጣና አናቱ ላይ ስልኩን አወጣ። ጽፎ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቀለበቱን አለፍኩ። አንተ የበየድከውን። እኔ የሞረድኩትን ማለቴ አይደለም። ያን ቀን እንዳልገባ ያደረግከኝ ጥሩ አደረግህ። ስፌቱ ጠብታ አላሳለፈም፤ አንተ ብታየው ትወደው ነበር። ጤናህ እንዴት ነው?»

ላከው። መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳየ። መልስ ግን ያን ዕለትም፣ ከዚያም ወዲያ አልመጣም።