ከአልጋው ሥር

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» አለች የሟች ታላቅ እህት።

ባልየው ሜትሩን ኮቱ ኪስ ከቶ በጓሮ በር ወጣ። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። እሱ ሰው ሲገባ ብድግ፣ ሰው ሲወጣ ብድግ፤ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት «አሜን» ሲል ሰንብቷል። ያን ሁሉ ሰው ቤቱ አስቀምጦ እንደዚህ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

ጓሮ አሮጌዋ ቫን ቆማለች። ከኋላ አልጋ፣ ከጎን ትንሽ ምድጃ፣ ጣራዋ ላይ የመስታወት መስኮት አላት። ልጅ አልወለዱም፤ እረፍት ባገኙ ቁጥር ሐይቅ ዳር ይዘዋት ይወጡ ነበር። ቀን ቀን ግን ሙቀቱ ውስጧ አያስቀምጥም። ሚስቱ ሻሿን ውኃ ነክራ አንገቷ ላይ ጣል ታደርግና ትጀምረዋለች።

«የከተማውን ፍሪጅ ሁሉ ስትጠግን ትውላለህ፣ እኔ እዚህ ልቀቀል? ኤሲ ግጠምልኝ በቃ!»

«ቦታ የለም አልኩሽ እኮ። ካልሆነ የጣራውን መስኮት ልንቀለውና እሱ ቦታ ልግጠመው።»

«ሞቼ ነው! ተኝቼ ሰማይ የማይበትን?»

«እንግዲያው ምረጪ። ወይ ሰማዩ፣ ወይ ቅዝቃዜው።»

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተባባሉ። እሱ ደግሞ የሙያ ሰው ነኝ ባይ ነው፤ የለም ካለ የለም። ሐኪም ቤት ስትተኛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኤሲ በአገጯ አሳየችውና «አየህ፣ ታምሜም ቢሆን ደረሰኝ» አለችው። ነርሷ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። በማግስቱ ልቧ ቀጥ አለ።

የሜትሩ ነገር የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። የአንድ ወንበር እግር ወለቀና መፍቻ ሊያመጣ የመሣሪያ ሣጥኑን ከቫኗ አልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው። ሣጥኑ የነበረበት ባዶ ቦታ ቁልጭ ብሎ ታየው። መንገድ ዳር ባለችው ሱቁ ውስጥ ደግሞ አንድ ደንበኛ አዝዞት የቀረ፣ ከአልጋ ሥር የሚገባ ዝቅ ያለ ኤሲ ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። አሁን ተንበርክኮ ለካ። ቁመቱን ለካ፣ ወርዱን ለካ፣ አላመነም፣ ደገመው። ይገባል። እንዲያውም አራት ጣት ይተርፋል።

ቦታው ድሮም ነበረ። ለመዶሻና ለመፍቻ የሰጠውን ቦታ ነው ለእሷ የለም ያላት። ሣጥኑን ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ቢያደርገው ምን ይሆን ነበር? ምንም። ኤሲውን ከሱቅ ተሸክሞ መጣና የቫኗን ወለል በድሪል ይበሳው ጀመር።

ሳሎን ውስጥ ሹክሹክታው ተነሳ።

«ነካው መሰል።»

«ኧረ ሊሸጣት ነው!»

«አፈሯ ሳይደርቅ? አይ ወንድ ልጅ!»

እህትየው ይሄን ሰምታ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ጓሮ ደረሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም? ሰው መሳቂያ አደረገህ እኮ!»

«እትዬ፣ ቦታ ነበረ» አላት ከአልጋው ሥር እንደተጋደመ።

«የምን ቦታ?»

«የኤሲው። አሥራ አንድ ዓመት የለም አልኳት። የኔ ሣጥን ነበር የተጎለተበት። እኔ ነኝ ያቃጠልኳት፣ እትዬ።»

እህትየው በሩን ይዛ ቆመች።

«ታውቅ ነበር» አለችው። «ሣጥኑን ቢያወጣው ይገባል ብላኛለች።»

«ምን?»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም ስላት፣ ‹እኔ ከነገርኩትማ ምኑን አሰበልኝ? ራሱ ይድረስበት፣ እጠብቀዋለሁ› አለችኝ። እንዳልነግርህም አስምላኛለች።»

ሰውዬው ከአልጋው ሥር አልወጣም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ብቻ ይታያል። እህትየው ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና መሬት ላይ የተጠቀለለውን የኤሌክትሪክ ገመድ አነሳች።

«ይሄ ነው የሚሰካው?»

«አዎ።»

ገመዱን እየጎተተች በሐዘንተኞቹ መሀል አለፈች። «እግራችሁን አንሱልኝ!» አለች፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ግድግዳው ላይ ሰካችው።

ኤሲው አጉረመረመ፣ ከዚያ ነፈሰ። የቀዝቃዛውን አየር ቱቦ ሰውዬው የሳበው በሚስቱ ትራስ በኩል ነበር። የቫኗን በር ዘጋና በራሱ በኩል ጋደም አለ። ጀርባው ላይ የነበረው ላብ ቀስ በቀስ ደረቀ።

«አልበዛብሽም?» አለ ወደ ጎኑ።

ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቅዝቃዜውን አንድ ቁጥር ቀነሰው።