ሄልሜት ብቻ የሚያየው ካሜራ

ካሜራው ከመተከሉ በፊት ፎርማናችን ጠዋት ጠዋት የመወጣጫውን ጣውላ እየረገጠ ይፈትሽልን ነበር። ካሜራው ሲመጣ «እሱ እያየላችሁ አይደል» ብሎ ተወው። ማየቱንስ ያያል፣ ዓይኑ ይጥፋና፤ የሚያየው ግን ጭንቅላታችንን ብቻ ነው። ሄልሜት ያደረገውን በአረንጓዴ ሳጥን ይከበዋል፤ ያወለቀውን በቀይ ይከብና ሳይረን ያስጮህበታል።

ታናሽ ወንድሜን ቀብሬ ስመለስ መሃንዲሱ ቢሮው አስገብቶ ቪዲዮውን አሳየኝ። ጣውላው ከወንድሜ እግር ሥር ተሰበረ። አረንጓዴው ሳጥን አብሮት ወረደ፤ መሬት ላይ ተዘርሮም አልለቀቀውም።

«አየህ ወንድሜ፣ እሱ ደንብ አልጣሰም» አለኝ ለስለስ ብሎ። «ያን ቀን ማሽኑ የያዘው ጥፋት አንድ ብቻ ነው።»

ጣቱን የቀሰረው እኔ ላይ ነበር። ሮጬ ደርሼ፣ ሄልሜቴን ወርውሬ ጆሮዬን ወንድሜ ደረት ላይ ስለጥፍ በቀይ ተከብቤ እታያለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ቪዲዮው ድምፅ የለውም እንጂ ሳይረኑ ያበደው ያኔ ነው። የወንድሜ ልብ ትመታ እንደሆነ ላዳምጥ ጎንበስ ብዬ የሰማሁት ሳይረኑን ብቻ ነው።