የአብዱላሂ ግማሽ ሪዝ

በሞያሌ ቢራቱን «አስተዋይ ነው» የሚሉ አሉ። ውሸታሞች ናቸው። ፈሪም አይደል፤ ፈሪ ቢሆን እኮ ይሸሽ ነበር። ቢራቱ ያስባል። ማሰብ ከሥራ ማምለጫ ሲሆን ደግሞ እንደሱ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 ዓ.ም. ፀጉር አስተካካዩ አብዱላሂ የቢራቱን አባት የታዲቻን ሪዝ ሲላጭ «የኔ ግመል ይፈጥናል፣ የለም የኔ ይፈጥናል» ተባብለው ተጣሉ። አብዱላሂ ግማሹን እንደላጨ «ውጣልኝ!» አለው። ታዲቻ ኩሩ ነው፤ ሌላ እጅ አላስነካም ብሎ ሦስት ወር በግማሽ ሪዝ ኖረ። ወባ ሊገድለው ሲል ልጁን ጠርቶ፣ «የአብዱላሂን ግማሽ ሪዝ ሳትላጭ ብታገባ አባትህ አይደለሁም» ብሎ አስማለው።

ቢራቱም ጠላቱን ላጥና ብሎ በየአርቡ እዚያው ሱቅ ሄዶ ይላጫል። ሦስት ዓመት ሙሉ! አንገቱን ለደመኛው ምላጭ ሰጥቶ ያስባል። ከሱ የተሻለ ደንበኛ አልነበረም።

የአጎቱ ልጅ ዱባ እንዲህ አይደለም። ጎዶማ የሚባል ቦታ አንድ ሰው የአባቱን ግመል «አንካሳ» አለበት፤ ዱባ በዚያው ቀን ሄዶ በር ሰበረ። በሩ የሌላ ሰው ነበር። ሽማግሎች ጊደር ቀጡት፤ እያፏጨ ተመለሰ። የጭነት መኪና ሾፌሩ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ትርፍ ጎማውን የሰረቀውን ሰው «እገድለዋለሁ!» ብሎ ጠዋት ወጣ፤ ምሳ አብረው በሉ። ሁለቱም ጅሎች ናቸው። ግን ነገራቸውን ጨርሰው ቤታቸው ገቡ።

ቢራቱ የሚወዳት ሀዎ መጠበቅ ሰለቻት።

«እስከ አርብ ነው» አለችው። «ዱባ ሽማግሌ ልኳል።»

«ዱባ? እሱ እኮ የሰው በር አይለይም!»

«አንተስ የቱን ሰበርክ?»

አርብ ቢራቱ ሲገባ አብዱላሂ ራሱ ወንበሩ ላይ ያንኮራፋል፤ ምላጩ ጭኑ ላይ ነው። ቢራቱ ምላጩን አነሳ። ቆመ። የአባቱ የተላጨው ቀኙ ነበር ወይስ ግራው?

አብዱላሂ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ቀኙ ነው፣ ልጄ።»

«ጋሽ አብዱላሂ! ያውቁ ኖሯል?»

«አባትህ በየመንገዱ ሲዝት ያልሰማ አለ? ላጭና ልገላገል። ሀራካ፣ ቶሎ በል!»

«የተኛ ሰው መላጨት ነውር መስሎኝ…»

«ነቅቻለሁ!»

«በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ደግሞ… በቀል ይባላል?»

በሩ ተበረገደ። ደጅ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ሀዎ ሴት ገብቶበት የማያውቅ ሱቅ ገባች፤ ምላጩን ከእጁ ነጠቀች። አንዴ፣ ሁለቴ ሳብ ስታደርገው የቀኙ ሪዝ የለም።

አብዱላሂ መስታወት አየና «እጅሽ ጥሩ ነው» አላት።

«ይኸው አለቀ» አለች ለቢራቱ። «ነገ ሽማግሌ ላክ።»

ቢራቱ ወለሉ ላይ የወደቀውን ሪዝ ትክ ብሎ አየ።

«ሀዎ፣ አባቴ ያስማለው እኔን ነው። አንቺ ስትላጪው ይቆጠራል? እስቲ ላስብበት።»

በወሩ ሀዎ ዱባን አገባች። ዱባ በሠርጉ ቀን ሙሽራዬን አምጡ ብሎ መጀመሪያ የገባው የሌላ ሰው ቤት ነበር። ግን ደረሰ።