ፊልትሮ ነበር ያለኝ

ባለቤቴ ዳርጌ ካረፈ ሦስት ወር ሆነው። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዱ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «የካኮን ወፍጮ ሞተር ያቃጠለው እሱ አይደል?» አለ። የሆነውን እኔ አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በ1977 ዓ.ም. ዳርጌ በመንደራችን በካኮ የገበሬዎች ማኅበሩ ወፍጮ ሞተሪስት ነበር። በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ መንገዱ ዱቄት መስሎ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ወፍጮ ቤቱ ይገባል፤ ከውስጥ ደግሞ የእህሉ ብናኝ አለ። ሞተሩ አየር የሚስበው በፊልትሮ በኩል ነው፤ አቧራውን የሚያስቀረው እሱ ነው። የእኛው ተቀዶ ነበር። ዳርጌ የነጠላዬን ቁራጭ በዘይት ነክሮ አሰረበት። ሲያሳሳው አቧራ ያሳልፋል፤ ሲደርበው ሞተሩ ታፍኖ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ በየሰዓቱ ሞተሩን እያቆመ ጨርቁን ያጥባል።

እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ተማረሩ።

«ዳርጌ፣ ሞተርህ ወለደ እንዴ? ገንፎ እናምጣለት?» አለችው ጎረቤታችን አሰገደች።

«አፈር እየበላ ነው እቴ! አንቺስ አፈር ብትበዪ ትሠሪያለሽ?»

ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ምሳ ስሰጠው፣ «ወር አይቆይም። ሲቃጠል ደግሞ የሚፈርዱት በእኔ ነው» አለኝ። «ጂንካ ላለው ጽሕፈት ቤት ጻፊልኝ። ፊልትሮ ይላክልን በዪ።»

እሱ ፊደል አልቆጠረም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀት ነበረኝ። ፊልትሮ የጣሊያን ቃል ነው፣ ለመንግሥት ቢሮ አይመጥንም ብዬ አሰብኩ። «በካኮ ወፍጮ ቤት ያለው አየር ስለተበላሸ አጣሪ በአስቸኳይ ይላክልን» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ የእሱን ስም አኖርኩ። አነበብኩለት።

«አጣሪ ምንድን ነው?»

«ፊልትሮ በአማርኛ።»

ደስ አለው።

በሦስተኛው ሳምንት ላንድሮቨር መጣ። ዳርጌ መፍቻውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። ሁለት ሰዎች ዶሴ ይዘው ወረዱ።

«ፊልትሮውስ?»

«የምን ፊልትሮ? እኛ አጣሪ ኮሚቴ ነን» አለው ነጋሽ የሚባለው ሰብሳቢ። «አየሩን ያበላሸው ማን ነው? ምን ዓይነት ወሬ ነው የሚናፈሰው?»

ዳርጌ ጨርቁን ፈትቶ አሳየው። «ጓድ፣ አየር ማለት ይሄ የምንተነፍሰው ነው።»

«ጓድ ዳርጌ፣ አታላግጥ። ደብዳቤውን ማን ጻፈው?»

አፌን ስከፍት ዳርጌ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። በዚያን ጊዜ አጣሪ የያዘው ሰው በቀላሉ አይለቀቅም ነበር። «እኔ ነኝ» አለ ዳርጌ።

ነጋሽ እስክሪብቶ ሰጠው። «እስቲ ስምህን ጻፍ።»

ዳርጌ እስክሪብቶውን እንደ ካቻቪቴ ጨብጦ ቆመ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!» ብዬ ጮህኩ። «ማለት የፈለግሁት ፊልትሮ ነው!»

ነጋሽ ይህንንም ጻፈው፤ ባልና ሚስት ተመሳጥረው ኮሚቴውን ለማሳሳት ሞክረዋል ብሎ። ዳርጌ ሞተር ሆን ብሎ በማቆም ሕዝብ አጉላልቷል ተብሎ ከሥራ ታገደ። በቦታው የገባው የገዛ ወንድሙ ሞተሩን ሳያቆም እንዲሠራ ታዘዘ። ዳርጌ ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ ሄዶ፣ «ጨርቁን እንኳ እጠበው» ብሎ ለመነው። ወንድሙ፣ «እኔም እንዳንተ ልባረር?» አለው፤ እውነቱን ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ፒስተኑ ተጣብቆ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ከጂንካ ደብዳቤ መጣ፦ ሞተሩ ለምን እንደቆመ ይጣራ የሚል። ያንኑ ነጋሽን ላኩት። ዳርጌ ተጠርቶ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ በጣትህ ፈርም ተባለ።

«ማጣራት ከፈለጋችሁ ሞተሩን ፍቱት» አላቸው። «ውስጡ አፈር ታገኛላችሁ።»

ማንም አልፈታውም። ዳርጌ እምቢ ስላለ፣ ሌሎች አምስት ሰዎች ሞተሩን ያቃጠለው እሱ ነው ብለው ፈረሙበትና ቃለ ጉባኤው ጂንካ ገባ።